ባሕር ዳር ላይ የቢትኮይን ማሽን ቤት ውስጥ ለመትከል፦ መጀመሪያ መስመሩ፣ ቀጥሎ አየሩ፣ መጨረሻ ማሽኑ

«አንድ ማሽን ገዝቼ ቤቴ ብተክል ይሠራል? የትኛውን ልግዛ? ሶኬት ላይ መሰካት ብቻ ነው?» ይህ ጥያቄ ከቀበሌ 14ም፣ ከአባይ ማዶም፣ ከሐይቁ ዳር ሰፈሮችም በየሳምንቱ ይመጣል። ማሽኑ ሌት ተቀን እያሰላ ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያስገኝ ኮምፒውተር ነው፤ ሥራው ማይኒንግ ይባላል። ጠያቂው ሁሉ ከማሽኑ ይጀምራል። ሥራው ግን የሚጀምረው ከቆጣሪው ነው። መስመሩን ሳይለካ ማሽን የገዛ ሰው ከሦስት ሺህ ዋት በላይ የሚበላ ዕቃ ታቅፎ መሰኪያ ያጣል፤ አለዚያም ይሰካውና ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ያቃጥላል።

መጠኑን በምታውቁት ነገር ለማየት ያህል፦ በሁለተኛ እጅ በብዛት የሚሸጠው አንትማይነር ኤስ19 3,250 ዋት ይወስዳል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። በጉልበት ተቀራራቢ ናቸው። ነገር ግን ምጣዱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለሰዓት ለሁለት ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል፤ ሽቦውም ይቀዘቅዛል። ማሽኑ ሌት ተቀን ለወራት አይጠፋም። ምጣድ ለዓመታት የቻለ ሶኬት ማሽኑን ሳምንት ላይችል የሚችለው ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች (ለአንድ ባለ 3,250 ዋት ማሽን)

– መልቲሜትር፣ ቢቻል ሽቦ አቅፎ አምፔር የሚለካ (ክላምፕ ሜትር)
– 4 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ፣ ሦስት መስመር (ፌዝ፣ ኒውትራል፣ መሬት)፣ ከቆጣሪው እስከ ማሽኑ ቦታ በሚደርስ ርዝመት
– ባለ 25 አምፔር ብሬከር፣ ለዚህ መስመር ብቻ የሚውል
– የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ሪሌ፦ ቮልቴጅ ሲወርድም ሲወጣም የሚያጠፋ፣ መብራት ሲመለስ ደቂቃዎች አዘግይቶ የሚያበራ፣ 40 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ
– የመብረቅና የቮልቴጅ ንረት መከላከያ (ሰርጅ አሬስተር)፣ በብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገጠም
– ሁለት ለየብቻቸው የቆሙ ባለ 16 አምፔር የግድግዳ ሶኬቶች
– ሁለት የኮምፒውተር ዓይነት የኃይል ገመዶች፣ ልባሳቸው ላይ 3×1.5 የሚል የተጻፈባቸው
– የመሬት ዘንግ (ኧርዝ ሮድ)፣ ቢያንስ 1.5 ሜትር
– የኔትወርክ ገመድ፣ ራውተር፣ ለራውተሩ ብቻ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ)
– ወንፊት ሽቦ፣ የቆርቆሮ ወይም የአሉሚኒየም የአየር ቱቦ፣ ብሎኬት፣ ቴርሞሜትር
– የጭስ ማስጠንቀቂያና በዱቄት ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራ እሳት ማጥፊያ

ስታቢላይዘር ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያስፈልግ እንደሆነ ደረጃ 2 ላይ መስመራችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

ደረጃ 1፦ ሕጉንና ቆጣሪውን አጣሩ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ። ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ባለ ዲጂታል ገንዘብ) መገበያየት ሕጋዊ አለመሆኑን በይፋ አሳውቋል፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ማይኒንግን ጨምሮ በክሪፕቶ ሥራ የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጥሪ አድርጓል። በአሁኑ ሰዓት ለግለሰብ የሚፈቀደውን ከራሱ ከመሥሪያ ቤቱ ጠይቁ። የጓደኛ ወሬ ማስረጃ አይሆንም። በየሰብስቴሽኑ አጠገብ የሚሠሩት ትልልቅ የማይኒንግ ድርጅቶች መብራት በውል፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው የሚወስዱት፤ የእነሱን ዋጋ ለቤት ስሌት አትጠቀሙበት።

ሁለተኛው ቆጣሪው ነው። ማሽኑ በቀን 78፣ በወር 2,340 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ ወዳለው እርከን ይወጣል፤ እናንተም የመጨረሻው እርከን ላይ ናችሁ። የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ሄዳችሁ፣ ጭነቱን በዋት ተናግራችሁ፣ የትኛው ታሪፍ እንደሚመለከታችሁና ቆጣሪያችሁ ይህን ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ቆጣሪው ከተከራይ ወይም ከአከራይ ጋር የጋራ ከሆነ ትልቁን ማሽን እዚህ ላይ ተዉት። የሌላው ቤት ሰው መብራት ሲወርድበትና ሂሳቡ ሲንር ጉዳዩ የማሽን መሆኑ ይቀርና የጎረቤት ጠብ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቆጣሪ ሳይነካ ከምሰሶ በቀጥታ መውሰድ ወንጀል ነው። ብሬከር ያልጠበቀው መስመር ስለሚሆንም ሽቦው ሲግል የሚያቆመው ነገር የለም።

ደረጃ 2፦ መስመሩን በምጣድ ለኩ

ለዚህ ሙከራ ሌላ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ምጣዱ ራሱ የማሽኑን ያህል ጭነት ነው። መልቲሜትሩን ማሽኑ ሊቆም የታሰበበት አካባቢ ሶኬት ላይ አድርጋችሁ እንዲህ ሥሩ።

ለሰባት ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ ቮልቴጁን ጻፉ፦ ንጋት 12 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ። ወሳኙ የማታው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥ የሚሠራበት ሰዓት ስለሆነ ቮልቴጅ ያኔ ይወርዳል። የኤስ19 ፓወር ሰፕላይ የተሠራው ከ200 እስከ 240 ቮልት ላለ መስመር ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ ዋቱን ለማሟላት ተጨማሪ አምፔር ይስባል፦ በ220 ቮልት 14.8 አምፔር የነበረው በ200 ቮልት 16.3 ይደርሳል። ሽቦውን የሚያግለው አምፔሩ ነው፤ ደካማ መስመር ይበልጥ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ምጣዱ በተሰካበት መስመር ላይ ቮልቴጁን ምጣዱ ጠፍቶ፣ ከዚያም በርቶ ለኩ። ልዩነቱ እስከ 6 ወይም 7 ቮልት ከሆነ መስመሩ ደህና ነው። 15 ቮልት ከጠፋ ግን ያ ኃይል የትም አልሄደም፤ ከ200 ዋት በላይ ሆኖ ሽቦውና መገጣጠሚያው ላይ ሙቀት ሆኗል። ማሽን ሌት ተቀን ሲስበው ያ ሙቀት አያቋርጥም። ምጣዱ ለአንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ የሶኬቱን የፕላስቲክ ሽፋን በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ፤ ከሞቀ ውስጡ የላላ ብሎን አለ።

ጉድለቱ ከቆጣሪው በኋላ ካለው ሽቦ ከሆነ በደረጃ 6 ይስተካከላል። ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ከሆነ (ቆጣሪው ጋ ስትለኩም ልዩነቱ ያው ከሆነ) የአገልግሎቱ ሠራተኞች እንጂ እናንተ አትነኩትም። በተለይ የምሰሶው አሉሚኒየም ሽቦ ከቤቱ መዳብ ጋር በእጅ ተጠማዝዞ የተያያዘ ከሆነ አሳውቋቸው፤ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኙ ይበላላሉ፣ መገጣጠሚያውም ይግላል።

የማታው ቮልቴጅ ሁልጊዜ ከ200 በታች ከሆነ ብቻ ስታቢላይዘር አስቡ። ለዚህ ማሽን ከ5 ኪሎቮልት አምፔር ያላነሰ፣ በሞተር የሚስተካከል (ሰርቮ) መሆን አለበት። ስታቢላይዘር ቮልቴጁን የሚያነሳው ከመስመሩ ብዙ አምፔር በመሳብ እንደሆነም አትርሱ፤ ቀጭን ሽቦን አያድንም፣ ይባስ ይጭነዋል።

ደረጃ 3፦ ሂሳቡን በሳቶሺ ሥሩ

ሳቶሺ የአንድ ቢትኮይን አንድ መቶ ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። የቢትኮይን ኔትወርክ በቀን በአማካይ 144 ብሎክ (የክፍያ መዝገብ ገጽ) ያወጣል። ከሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የአንድ ብሎክ ሽልማት 3.125 ቢትኮይን ስለሆነ በቀን 450 ቢትኮይን ይከፋፈላል። የእናንተ ድርሻ ሃሽሬታችሁ (የማሽናችሁ የስሌት ፍጥነት) ከዓለም ሃሽሬት ያለው ክፍልፋይ ነው። ዓለም በሙሉ 1,000 ኤክሳሃሽ ቢሆን (አንድ ኤክሳሃሽ አንድ ሚሊዮን ቴራሃሽ ነው) አንድ ቴራሃሽ በቀን 45 ሳቶሺ ያገኛል። የዕለቱን የዓለም ሃሽሬት ተመልክታችሁ ቁጥሩን አስተካክሉ፤ ዓለም በእጥፍ ሲያድግ 45ቱ ወደ 22 ይወርዳል።

አሁን ጠቃሚው ቁጥር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ሳቶሺ ያመጣል የሚለው ነው፦

– አንትማይነር ኤስ9 (13.5 ቴራሃሽ፣ 1,320 ዋት አካባቢ)፦ 19 ሳቶሺ
– ኤስ19 (95 ቴራሃሽ፣ 3,250 ዋት)፦ 55 ሳቶሺ
– ኤስ19 ኤክስፒ (140 ቴራሃሽ፣ 3,010 ዋት)፦ 87 ሳቶሺ
– ኤስ21 (200 ቴራሃሽ፣ 3,500 ዋት)፦ 107 ሳቶሺ

ቢትኮይን 100,000 ዶላር ቢሆን አንድ ሳቶሺ የዶላር አንድ አሥረኛ ሳንቲም ነው፤ ስለዚህ ኤስ19 ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 5.5 የአሜሪካ ሳንቲም ያስገባል ማለት ነው። በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ብር ለውጡት፣ ከመብራት ደረሰኛችሁ ላይ ካለው የመጨረሻው እርከን ዋጋ ጋር አወዳድሩት። የፑል (ብዙ ማሽኖች አብረው ሠርተው ሽልማቱን የሚካፈሉበት አገልግሎት) ኮሚሽን፣ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት፣ የጉምሩክ ቀረጥና የመስመር ዝርጋታ ወጪ ሳይደመር የተሠራ ስሌት ልክ አይደለም። የኔትወርኩ ክብደት (ብሎክ የማግኘት አስቸጋሪነት) በየ2,016 ብሎኩ፣ ማለትም በሁለት ሳምንት ገደማ ይስተካከላል፤ የብሎኩ ሽልማትም እ.ኤ.አ. በ2028 እንደገና በግማሽ ይቀንሳል። ዛሬ ለጥቂት የሚያዋጣ ማሽን ያን ጊዜ ላያዋጣ ይችላል።

ሂሳቡ አሉታዊ ከወጣ አትግዙ። «ዋጋው ይጨምራል» ብሎ የሚገዛ ሰው ለማሽኑና ለመብራቱ የሚያወጣውን ብር አስቀድሞ እንደ ጠፋ ይቁጠረው።

ደረጃ 4፦ ማሽኑን ምረጡ

በግራፊክስ ካርድ ማይን ማድረግን እርሱት። ኢቴሪየም የተባለው ሌላ ክሪፕቶ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ከማይኒንግ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ለካርድ የቀሩት የክሪፕቶ ዓይነቶች የመብራቱን እንኳ ለመመለስ ይቸገራሉ። ለቢትኮይን የሚሆነው ለዚያ ብቻ የተሠራ ኤሲክ ማሽን ነው።

ምርጫው በመስመራችሁ ይወሰናል።

መስመሩ ደካማ ወይም ቆጣሪው የጋራ ከሆነ፦ እንደ ቢትአክስ ጋማ ያለ ትንሽ ማሽን። 1.2 ቴራሃሽ አካባቢ ይሠራል፣ ከ20 ዋት በታች ይወስዳል፣ በዋይፋይ ይገናኛል፣ ድምፁ እንደ ኮምፒውተር ነው። ገቢ አይጠበቅበትም፤ በ1,000 ኤክሳሃሽ ዓለም ለብቻው አንድ ብሎክ ለማግኘት በአማካይ ከ15,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ነገር ግን ፑል፣ ዋሌት (የቢትኮይን ቦርሳ)፣ ሃሽሬት፣ ሙቀት ምን እንደሆኑ በእጅ ያስተምራል። ለአብዛኛው የባሕር ዳር ቤት ትክክለኛው ግዢ ይህ ነው።

የራሳችሁ ቆጣሪ፣ ጥሩ መስመርና ከመኝታ ቤት የራቀ ሰርቪስ ቤት ካላችሁ፦ ኤስ19ጄ ፕሮ ወይም ኤስ19 ኤክስፒ፣ ኃይሉ ዝቅ ተደርጎ። ብሬንስ ኦኤስ በመሳሰለ ሶፍትዌር የማሽኑን ፍጆታ 2,000 ዋት ላይ መገደብ ይቻላል። ሃሽሬቱ ይቀንሳል፤ ፍጆታው ግን ከዚያ በላይ ስለሚቀንስ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚገኘው ሳቶሺ ይጨምራል፣ ሙቀቱና ጩኸቱም ይረግባል። አምራቹ ዋስትና ከሰጣችሁ ግን የሌላ ሶፍትዌር መጫን ዋስትናውን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ኤስ9 ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። አትግዙት። አንድ ቴራሃሽ ለማውጣት ወደ 98 ጁል ይፈልጋል፤ ኤስ21 በ17.5 ያንኑ ይሠራል።

በሁለተኛ እጅ ስትገዙ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት እነዚህን አረጋግጡ፦

– ማሽኑ በርቶ በብሮውዘር በሚከፈተው ገጹ ላይ ሦስቱም ሃሽ ቦርዶች (ቺፖቹ የተተከሉባቸው ሰሌዳዎች) መታየታቸውን
– የቺፕ ቁጥሩ መሙላቱን፦ ኤስ19 በቦርድ 76፣ ኤስ19 ፕሮ 114፣ ኤስ19ጄ ፕሮ 126። ከዚያ ካነሰ ቦርዱ ታማሚ ነው
– አራቱም ፋኖች መዞራቸውን
– የ24 ሰዓት የፑል ግራፍ። የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ምንም አይናገርም፤ ቦርድ የሚወድቀው ከሞቀ በኋላ ነው
– ፋኑ በኩል በባትሪ አብርታችሁ ውስጡን። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ እርጥበት ነክቶታል፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት

ማሽን ሳይኖራችሁ «ማይን እናድርግላችሁ» የሚሉ የቴሌግራም መተግበሪያዎች ማይኒንግ አይደሉም። የምትከፍሉት ገንዘብ የትኛውም ማሽን ላይ አይውልም።

ደረጃ 5፦ ቦታውንና አየሩን አዘጋጁ

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍ ትላለች። ይህ ለማሽን ትልቅ ነገር ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንኑ ያህል ያንሳል። የአንትማይነር መመሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከከፍተኛው የሙቀት ጣሪያ 1 ዲግሪ ቀንሱ ይላል። 40 ዲግሪ የተጻፈበት ማሽን እዚህ 37 ነው ማለት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የውጭው አየር ወደ 30 ይጠጋል፤ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰዓት በኋላ ከ37 ማለፍ አያስቸግርም።

ስለዚህ ኮርኒስ ያለው፣ የሲሚንቶ ወለል ያለው ክፍል ምረጡ። ከዚያ ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ማሽኑ የተነፈሰውን መልሶ አይተንፍስ። ቀዝቃዛ አየር በአንድ በኩል ይግባ፣ ትኩስ አየር በቱቦ በሌላው ግድግዳ ይውጣ።

ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ብቻ እንዲጨምር ከፈለጋችሁ በዚህ ከፍታ ለ3,250 ዋት በሰዓት 1,200 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ አየር ማለፍ አለበት። ለዚህ መግቢያው ቀዳዳ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ትልቅ የሚሆነው ወንፊቱ ግማሹን ስለሚዘጋው ነው። በጠባብ ቀዳዳ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ማድረግ ማሽኑን ማፈን ነው። መግቢያው ከሰዓት በኋላ ጥላ ባለበት ግድግዳ፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ይሁን፤ መውጫው ከዝናብ መከላከያ ጋር በተቃራኒው ከፍ ብሎ። መውጫው የጎረቤት መስኮት ፊት እንዳይሆን።

ቱቦው ከ2 ሜትር ካጠረና ካልተጣመመ የማሽኑ ፋኖች ራሳቸው ይገፉታል። ከረዘመ በሰዓት 1,800 ኪዩቢክ ሜትር የሚል ተጨማሪ ማውጫ ፋን ጫፉ ላይ ግጠሙ፤ የተጻፈው ቁጥር ምንም ሳይጋረደው የተለካ ስለሆነ ቱቦ ሲገባ ይቀንሳል።

ማሽኑን ከወለሉ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ብሎኬት ላይ አስቀምጡ፤ በክረምት ውሃ ቢገባ አይደርስበትም። የእንጨት መደርደሪያ፣ መጋረጃ፣ ስፖንጅ፣ የደንገል ምንጣፍ ክፍሉ ውስጥ አይኑር። ድምፁ 75 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ቫኪዩም ክሊነር ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ማለት ነው። ሰው ድምፁን ለመቀነስ ብርድ ልብስ ይጥልበታል፤ ያ እሳት መጋበዝ ነው። ድምፅ የሚቀነሰው በርቀት፣ በግድግዳና ኃይሉን ዝቅ በማድረግ ነው።

ለሐይቁ ዳር ቤቶች አንድ ልዩ ነገር አለ። ማታ ማታ ብርሃን የሚከብቡት ትንንሽ ነፍሳት በፋን ተስበው ቦርዱ ላይ ይጋገራሉ፣ አየሩንም ይዘጋሉ። ወንፊት አድርጉ፣ የክፍሉንም አምፖል ማታ አጥፉ፤ ብርሃን ከሌለ አብዛኛው አይመጣም። አይጥና እንሽላሊት ደግሞ ሙቀት ፍለጋ ይገባሉ፤ የመውጫውን ቱቦ ጫፍ በጠንካራ ሽቦ ሸፍኑ።

ደረጃ 6፦ መስመሩን ዘርጉ

ይህን ደረጃ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። የእናንተ ሥራ የሚከተለው መሟላቱን ማየት ነው።

ከዋናው ሳጥን ለማሽኑ ብቻ የሚሄድ 4 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ከነ25 አምፔር ብሬከሩ። ብሬከሩ ሽቦውን ይጠብቃል፤ ስለዚህ «እየወረደ አስቸገረኝ» ብላችሁ ወደ 40 አምፔር አትቀይሩት፤ ያኔ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ይቃጠላል። ከብሬከሩ በኋላ የቮልቴጅ ሪሌው ይግባ፦ ዝቅተኛው 195፣ ከፍተኛው 245፣ መዘግየቱ 5 ደቂቃ። መዘግየቱ የሚያስፈልገው መብራት ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቴጅ ስለሚዋዥቅ ነው። ለፍሪጅ የሚሸጠው ጋርድ እዚህ አይሆንም፤ አብዛኛው የተሠራው ለ13 አምፔር ነው።

ማሽኑ ሁለት የኃይል መግቢያ አለው። ሁለቱም መሰካት አለባቸው፤ ሁለቱም ለየራሳቸው የግድግዳ ሶኬት ይኑራቸው። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ገመድ 7.4 አምፔር ብቻ ይሸከማል። ዲቫይደር በፍጹም። ዲቫይደር ውስጥ ያለው ስስ ነሐስ አሥራ አምስት አምፔርን ለሰዓት እንጂ ለቀናት አይችልም። ገመዱም የድሮ ኮምፒውተር ገመድ አይሁን፤ ቅርጹ አንድ ቢሆንም ብዙዎቹ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ናቸው።

የመሬቱን መስመር በቁም ነገር ያዙት። ብዙ ቤት ሶኬቱ ሦስተኛ እግር አለው፣ ሽቦው ግን የትም አይሄድም። ዘንጉ ይተከል፣ ከሳጥኑ ጋር ይገናኝ፣ ይለካ። ዋልካ አፈር ላይ ከሆናችሁ በበጋ ሲሰነጠቅ ከዘንጉ ይላቀቃል፤ ስለዚህ በሚያዝያ እንደገና አስለኩ። ያለ ጥሩ መሬት ሰርጅ አሬስተሩ መብረቁን የሚያወርድበት የለውም።

ደረጃ 7፦ ከመሰካት በፊት

ማሽኑ በመንገድ ተንገላቷል። የውስጡን የኃይል ማያያዣ ብሎኖችና የፋን መሰኪያዎች አጥብቁ፤ የላላ ብሎን በዚህ ሁሉ አምፔር ቀልጦ ቦርዱን ይዞ ይሄዳል። ከጎንደር ወይም ከደብረ ታቦር ብርድ ወደ ሞቃት ክፍል የገባ ማሽን ላይ ጠል ይይዛል፤ ቢያንስ አራት ሰዓት ሳይሰካ ይቆይ።

ደረጃ 8፦ ኢንተርኔትና ፑል

አንትማይነር ዋይፋይ የለውም፤ በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙት። የሚጠቀመው ዳታ ጥቂት ነው፣ ፍጥነትም አይፈልግም፤ የሚፈልገው አለመቆራረጥ ነው። ስለዚህ ከሞባይል ዳታ ይልቅ ቋሚ መስመር ይመረጣል።

ከራውተሩ ገጽ የማሽኑን አድራሻ ፈልጉ፣ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ብሮውዘር ላይ ክፈቱት። የአንትማይነር መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ሁለቱም «ሩት» (root) ናቸው፤ ወዲያው ቀይሩት። የሁለተኛ እጅ ማሽን ከሆነ ሌላ ነገር ሳትነኩ ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሱትና ከአምራቹ ገጽ ብቻ አዲስ ሶፍትዌር ጫኑ። የቀድሞው ባለቤት ሃሽሬቱ ከፊሉ ወደ ራሱ እንዲሄድ አድርጎ ሸጦት ከሆነ የሚወገደው በዚህ ነው።

በፑል (ብሬንስ ፑል፣ ኤፍቱፑል፣ ቪያቢቲሲና ሌሎችም አሉ) አካውንት ክፈቱ። በማሽኑ ገጽ ሦስት የፑል ቦታ አለ፤ ሦስቱንም ሙሉ፣ የመጀመሪያው ሲቋረጥ ወደ ቀጣዩ ይዞራል። የሠራተኛ ስም የሚጻፈው የአካውንት ስም፣ ነጥብ፣ ከዚያ የማሽኑ ስም ተብሎ ነው። ዝቅተኛውን የክፍያ መጠንም ቀድማችሁ እዩ፤ ከፍ ካለ ለሳምንታት ምንም አይደርሳችሁም።

ዋሌት ስትከፍቱ የሚሰጣችሁን 12 ወይም 24 የምስጢር ቃላት ወረቀት ላይ ጻፉ። ፎቶ አታንሱት፣ ለማንም አትላኩት።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው ሌሊት

ጠዋት አብሩት፤ ማታ አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሚከታተለው ሰው ይኑር።

በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ፋኖቹ በኃይል ይጮኻሉ፣ ሃሽሬቱም ይዋዥቃል፤ ይህ ጤነኛ ነው። አንድ ሰዓት ሲሞላ አምፔሩን በክላምፕ ለኩ፣ ሶኬቶቹንና ብሬከሩን ዳስሱ። ለብ ቢል ችግር የለውም፤ እጅ የማያስቆይ ከሆነ አጥፉና ብሎን አስጠብቁ። ሦስት ሰዓት ሲሞላ ደግማችሁ ዳስሱ። ቴርሞሜትሩን የማሽኑ አየር መግቢያ ፊት አድርጉ፤ 35 ሲደርስ ኃይሉን ዝቅ አድርጉ፣ 37 ከነካ አጥፉት። ማታ 1 ሰዓት ላይ ምጣዱን አብሩና ቮልቴጁን እዩ፤ ማሽኑና ምጣዱ አብረው 30 አምፔር ይሻገራሉ። ዋናው ብሬከር ከወረደ ምጣድ በሚሠራበት ሰዓት ማሽኑ መጥፋት አለበት፤ ሌላ መላ የለውም።

የፑሉን ቁጥር ከ24 ሰዓት በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አትመኑት፤ ፑሉ ሃሽሬቱን የሚገምተው ከምትልኩለት ሥራ ስለሆነ በአጭር ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል።

ደረጃ 10፦ በጋና ክረምት

በበጋ ወንፊቱን በየሳምንቱ አራግፉ፣ ማሽኑን በየወሩ በአየር ንፉ። ስትነፉ የፋኑን ክንፍ በእጅ ያዙት፤ በንፋስ ሲሽከረከር ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ መቆጣጠሪያውን ያቃጥላል። እርጥብ ጨርቅ አይነካውም።

በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር አጥፉና ሁለቱንም የኃይል ገመዶች ንቀሉ፤ የኔትወርኩንም ገመድ ጭምር። ብዙ ማሽን በመብረቅ የሚጠፋው በረሳችሁት በኔትወርኩ በኩል ነው። መብራት ለሁለት ሦስት ቀን ጠፍቶ ከቆየ ማሽኑ ቀዝቅዞ እርጥበት ይይዛል፤ ከማብራታችሁ በፊት ደረቅ አየር ለአንድ ሰዓት ይንፈስበት።

ብልሽት ሲያጋጥም

ማሽኑ በየማታው ከ1 እስከ 3 ሰዓት ራሱን እያጠፋ ያበራል፦ የቮልቴጅ መውረድ ነው። ማሽኑን አትፍቱት፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ከሦስት ቦርድ ሁለት ብቻ ይታያል፦ አጥፉ፣ ንቀሉ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ የቦርዱን የመረጃ ገመድ ነቅላችሁ መልሱ። ካልተመለሰ ገመዱን ከሚሠራው ቦርድ ጋር አቀያይሩ፤ ችግሩ ከገመዱ ጋር ከዞረ ገመዱ፣ ካልዞረ ቦርዱ ነው።

«ፋን የለም» ይላል፦ አብዛኛውን ጊዜ የላላ መሰኪያ ወይም የነፍሳት ክምር ነው። ፋኑን ሳትቀይሩ መጀመሪያ አጽዱት።

ማሽኑ 95 ይላል፣ ፑሉ ግን ከ24 ሰዓት በኋላም 80፦ የፑሉ ገጽ ላይ ውድቅ የሆኑ ሥራዎችን እዩ። ከ2 በመቶ በላይ ከሆኑ ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል፤ ቀረብ ያለ የፑል ሰርቨር ምረጡ። ውድቅ ከሌለና ልዩነቱ ካለ ሶፍትዌሩ የሌላ ሰው ነው፤ ደረጃ 8ን እንደገና ሥሩ።

የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፦ ማሽኑ ጋ አትሂዱ። መጀመሪያ በሳጥኑ ላይ ብሬከሩን አውርዱ፣ ከዚያ ሶኬቱን እዩ። የጠቆረ ሶኬትና መሰኪያ ሁለቱም ይጣሉ፤ አንዱን ብቻ ከቀየራችሁ አሮጌው አዲሱን በሳምንት ውስጥ ያቃጥለዋል።